ጀርባውን ለተረተሩ የሰጠ ቤት

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ባዞረ ተረተር ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷን የማያውቅ የሸዋ ሰው የለም። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሹራብ የምታስወልቅ ፀሐይ ትወጣለች። የእናቴ ቤት በቀጭን ባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበር። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት እንደ ብረት ይቀዘቅዛል። ቁርጥማቱ ከጠናባት በኋላ ኅዳርን ከነታኅሣሥ ከአልጋ ሳትወርድ ማሳለፍ ጀመረች። እኔ አዲስ አበባ በመምህርነት እሠራ ነበር። በየሳምንቱ መጨረሻ እየተመላለስኩ ስጠይቃት ቆየሁና ብርዱን የሚችል ቤት ልሠራላት ወሰንኩ።

ሐሳቤ ይህ ነበር፦ ቤቱ ጀርባውንና ሁለት ጎኖቹን ለተረተሩ ይሰጣል፤ አፈሩ ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ተቆልሎ እንደ ጋቢ ያለብሰዋል፤ ፊቱ ብቻ ወደ ፀሐይ ይከፈታል። የምንሠራበትም ነገር ከዚያው ከመሬቱ የሚወጣ አፈር፣ ድንጋይ፣ ጭድና እንጨት ይሆናል። አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የትግራይ ህድሞ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳውና በአፈር በተከደነው ጣሪያው የቀኑን ግለትም የሌሊቱንም ብርድ ያለዝባል። በላስታና በመንዝም የድንጋይ ቤት የቆየ ሙያ ነው። እኔ ግን ከእነዚህ ከመማር ይልቅ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ብርድ የተሠሩ ንድፎችን ከኢንተርኔት እየፈለግኩ ስድስት ወር አጠናሁ። ንድፉን ራሴ ሣልኩት። አንድ መሐንዲስ ወዳጄ የጣሪያውን እንጨት ብዛትና ውፍረት አሰላልኝ፤ አፈሩን ግን መጥቶ አላየውም፤ እኔም እንዲያየው አልጠየቅኩትም። ከሁሉም የከፋው ስሕተቴ ይህ ነው። ቤቱን የነደፍኩት መሬቱን ከማወቄ በፊት ነበር።

ቁፋሮው በጥቅምት 2009 ተጀመረ። ንድፉ ተረተሩን 1 ሜትር ከ80 ያህል ወደ ታች መቁረጥ ይጠይቅ ነበር። ከላይ ያገኘነው አፈር መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። የዚህን አፈር ጠባይ ደገኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይገጥምና ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አባባ የሚላቸው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቁፋሮውን ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ይህ መሬት ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲጠማው ይሰነጠቃል። እኛ ለስንዴ እንኳ ውሃውን አውጥተን ነው የምንዘራበት። አንቺ ከቤትሽ ጀርባ ልትቆልይው ነው?» አሉኝ።

እውነት ነበራቸው። በእነዋሪ በኩል ያሉ ገበሬዎች ጥቁሩን መሬት ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ሰፊ መደብ እያወጡለት፣ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበትን ቦይ እየተዉ ነው የሚያርሱት። ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ዓይነት ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ይህ እብጠት መንገድ ይሰነጥቃል፤ መሠረት ያነሣል። እኔ ግን በትሕትና አመስግኜ ሸኘኋቸውና ሥራዬን ቀጠልኩ። እናንተ ቤት ልትሠሩ ስትነሡ በዚያ መሬት ላይ 40 ዓመት ያረሰ ሰው ካገኛችሁ ቡና አፍሉለት፤ ውሃው በየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጥግ በመስከረም ዘግይቶ እንደሚደርቅ፣ ከብት የት እንደሚያንሸራትተው ጠይቁት። የሚነግራችሁንም ጻፉት።

በኅዳር መጀመሪያ ከቁርጡ ላይ አንድ ንጣፍ አፈር ተገምሶ ወረደና አንዱን ቀን ሠራተኛ እስከ ጉልበቱ ያዘው። አውጥተነው ደኅና ሆነ፤ ጎንበስ ብሎ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ግን ምን ሊሆን እንደሚችል አስቤ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከደረት በላይ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ አፈር ሥር ሰው እንዲቆም አልፈቅድም። ቁርጡን እንደ ደረጃ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ የሚወጣውንም አፈር ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አትከምሩት፤ ክብደቱ ያንኑ አፋፍ ይዞ ይወርዳል።

የኋላውን ግድግዳ 9 ሜትር ርዝመት ባለው ቀጥ ያለ መስመር፣ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጭቃ ጡብ ሠራነው። ከቁፋሮው የወጣውንም ያንኑ ጥቁር አፈር መልሰን ከጀርባው ሞላነውና ጠቀጠቅነው። ደቦ ጠርተን ነበር፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ሰው እየዘፈነ ነበር የሞላው። ሚያዝያ ላይ ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ተዋቅሮ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ያላወቅኩትን ስሌት ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። ከግድግዳ ጀርባ ሲቆለል ወደ ጎን ይገፋል፤ ግፊቱም ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊት ደግሞ ከቁመቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መውጫ ያጣ ውሃ ከኋላ ሲጠራቀም የራሱን ግፊት ይጨምራል። አፈሩ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ እብጠቱም በዚያ ላይ ይደመራል። የእኔ ግድግዳ ሦስቱንም እንዲሸከም ነበር የተፈረደበት፤ ለዚያውም ደጋፊ በሌለው ቀጥ ያለ የጭቃ ጡብ፣ ከኋላው አንድም የውሃ መውጫ ሳይኖር።

በሐምሌ አጋማሽ ከግድግዳው ሥር ያለው ጡብ ቀለሙ ጠቆረ። ከሳምንት በኋላ የግድግዳው መካከል ሆዱን ነፍቶ አየሁት፤ ቱንቢ ስጥልበት 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ግንበኛው «ክረምቱ ሲወጣና ሲደርቅ ይመለሳል» አለኝ። እንዲመለስ እፈልግ ስለነበር አመንኩት። ሆዱን የነፋ ግድግዳ አይመለስም። እንዲህ ዓይነት ምልክት ካያችሁ በዚያው ቀን ሰው ከውስጥ አስወጡ፤ ከጀርባው ያለውን አፈር ከላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ አንሡ፤ ከውስጥ በእንጨት ለመደገፍ ብላችሁ ግን ከሥሩ አትግቡ።

ነሐሴ 9 ሌሊት ከግድግዳው 4 ሜትር ያህሉ ተደረመሰ። እናቴ ከአሮጌው ቤቷ ድምፁን ሰምታ ስትጣራ ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤ ጥቁሩ ጭቃ በክፍሉ መካከል እንደ ገንፎ ተዘርግቶ፣ የጣሪያው ወጋግራ አንዱ ተሰብሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ሠራተኞቹ በቀደመው ቀን ከዝናቡ ተጠልለው ቡና የጠጡት እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። ከዝናቡ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቤ መጣችና «ሰው አልሞተም። ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል። ሲነጋ እናየዋለን» አለችኝ።

ሥራውን ልተወው ነበር። የመለሰኝ የዚያው ክረምት ቀሪው ዝናብ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እስከ ጳጉሜን እዚያው ቆየሁ፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ጃንጥላ ይዤ ውሃውን መከተል ጀመርኩ። ከላይ ካለው የግጦሽ መሬት የሚወርደው ጎርፍ በየት በኩል ወደ ግቢያችን እንደሚታጠፍ አየሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቁርጡ ፊት ላይ፣ ጥቁሩ አፈር አልቆ ገረጋንቲው በሚጀምርበት መስመር፣ ዝናብ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላ እንኳ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። ውሃ ባየሁበት ቦታ ሁሉ ካስማ ተከልኩ። መስከረም ላይ ካስማዎቹ ሲታዩ መስመር ሠርተው ነበር፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ወደ ወደቀው ግድግዳ ይመጣል። ንድፍ ከመሣላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ክረምት በቦታው ላይ ካስማ ይዛችሁ ዙሩ። እኔ ይህን በ2008 ክረምት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጡብ፣ ያን ሁሉ የሰው ጉልበት ባላባከንኩ ነበር።

በ2010 ለገና ላሊበላ ሄድኩ። የሄድኩት ለበዓሉ ነው፤ ዓይኔ ግን የሚፈልገውን ይፈልግ ነበር። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ፈልፍለው ያወጡ ሰዎች ለዝናቡ ውሃም መንገድ ፈልፍለውለታል። በቤተ መቅደሶቹ ዙሪያ የተቆፈሩት ቦዮች ውሃውን እየሰበሰቡ ወደ ውጭ ያወጡታል። ከተሳላሚው ሰው ጋር እየተገፋሁ በአንዱ ቦይ ዳር ቆሜ ረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ከዚያ በፊት ቦይን ከቤቱ በኋላ የሚታሰብ፣ ገንዘብ ከተረፈ የሚሠራ ነገር አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ስመለስ አዲሱን ንድፍ ከውሃ መውጫው ጀምሬ ሣልኩት፤ ቤቱን በመጨረሻ አስገባሁበት።

መጀመሪያ ግን አፈሬን ፈተንኩት፤ ፈተናው ቀላልና ወጪ የሌለው ስለሆነ ማንም ሊዘለው አይገባም። ከላይኛው ሥር ያለበት አፈር ዝቅ ብላችሁ ከተለያየ ጥልቀት ናሙና ውሰዱ። ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈሩ ሙሉት፤ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ሁለት ደቂቃ ከሥር ይረጋል፤ ከእርሱ የደቀቀው በሰዓታት ውስጥ ይከተላል፤ ሸክላው በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ከላይ ይቀመጣል። ለግድግዳ የሚሆን ጭቃ ከአሥር ሰባት እጅ ያህል አሸዋማ፣ ሦስት እጅ ያህል ሸክላ ቢሆን መልካም ነው። ሁለተኛው ፈተና መኮማተሩን ያሳያል፦ ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ከፍታው 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጡን ዘይት ቀብታችሁ በእርጥብ አፈር ሙሉትና ጥላ ውስጥ አድርቁት። የእኔ ጥቁር አፈር ሲደርቅ 8 ሳንቲ ሜትር አጠረ። ከግቢው በታች ካለው ወንዝ ዳር የወሰድኩት ቀይ አፈር ግን አንድ ተኩል ብቻ ነበር ያጠረው። ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሳጥኑን አገላብጠው አዩና «እኔም በቃሌ ነግሬሽ ነበር፤ አሁን በዓይንሽ አየሽው» አሉኝ።

ሁለተኛው ሥራ ከጥር እስከ ሰኔ 2010 ተሠራ። ከቤቱ ከፍ ብሎ፣ 6 ሜትር ራቅ አድርገን፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚወስድ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን። ውሃ ልኩን የያዝነው ውሃ በተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ እንዲወርድ አደረግነው። ከዚያ በላይ ካዘቀዘቀ ጎርፉ ቦዩን ራሱን እየሸረሸረ ገደል ያደርገዋል። ከቤቱ ጀርባና ጎን የነበረውን ጥቁር አፈር በሙሉ አነሣን፤ መሠረቱንም ጥቁሩን ጨርሰን ገረጋንቲው ላይ እስክንደርስ ቆፈርን።

የኋላውን ግድግዳ ከመንዝ የመጣ፣ ድንጋይ የለመደ ግንበኛ ሠራው። ከሥሩ 80፣ ከላይ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው፤ መስመሩንም እንደ ቀስት ወደ ተረተሩ አጎበጥነው። ወደሚገፋው አፈር የጎበጠ ግድግዳ ሲገፋ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ይበልጥ ይያያዛሉ። ውስጡን በሁለት መስቀለኛ ግድግዳ ከፈልነው፤ ክፍል ከመለየታቸው በላይ የኋላውን ግንብ ይደግፉታል። የተቆለለውን አፈር ከፍታም ከ1 ሜትር ከ80 ወደ 1 ሜትር አወረድኩት። ቅድም በነገርኳችሁ ስሌት ይህ ግፊቱን ከአንድ ሦስተኛ በታች ያደርገዋል። በዚህ ሁሉ ንድፍ ውስጥ እንደዚህ በጥቂት ድካም ብዙ ያተረፈልኝ ውሳኔ የለም።

ከግንቡ ጀርባ ያለውን አደራረግ በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ አንዱን ብታጎድሉ ሌላው አይሠራምና። ድንጋዩን መጀመሪያ በኖራ መረግነው። በላዩ ላይ ገበሬዎች ለውሃ ማቆሪያ የሚገዙትን ጥቁር የፕላስቲክ ሸራ፣ ጂኦሜምብሬን የሚባለውን፣ ለጠፍን። ከእርሱ ቀጥሎ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር፣ ከጠጠሩም ሥር የተበሳሳ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ ቱቦው ቤቱን ዙሮ በሁለቱም በኩል ከመሬት በታች ወጥቶ ወደ ተዳፋቱ ያፈሳል። ጠጠሩን ከአፈሩ የሚለየው ተቀዶ የተዘረጋ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃ አያሳልፍም። ቀጥሎ ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ ተሞላ። ሊያበቃ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ሌላ ጂኦሜምብሬን ከግድግዳው ጀምሮ 2 ሜትር ወደ ውጭ፣ ከቤቱ እንዲያዘቀዝቅ አድርገን እንደ ጃንጥላ ዘረጋንበት። ጥቁሩ አፈር የተመለሰው ከዚህ በላይ ብቻ ነው፤ ሣር አበቅልበታለሁ። ሥሩ የሚበረታ ዛፍ ግን፣ በተለይ ባሕር ዛፍ፣ በዚያ አጠገብ አትትከሉ።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ፤ የተነሣሁት ለእርሱ ነውና። ከውጭ የቀዳሁት ንድፍ ቤቱን ያን ያህል የቀበረው ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ሐሩር ለሆነበት አገር ስለታሰበ ነው። እዚያ ጥልቅ አፈር የበጋውን ሙቀት ለክረምት ያቆያል። እኛ ዘንድ ግን የዓመቱ ወራት በሙቀት ብዙ አይለያዩም፤ የሚለያዩት ቀንና ሌሊቱ ናቸው። ጥልቅ አፈር የሚይዘው ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ይህ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። 14 ዲግሪ ከውርጭ ይሻላል፤ ለቁርጥማተኛ እናት ግን አሁንም ብርድ ነው። የቀንና የሌሊቱ ለውጥ ደግሞ ወደ አፈር የሚዘልቀው ጥቂት ነው፤ ግማሽ ሜትር ላይ ሲደርስ ከነጭራሹ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእኛ ደጋ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከኋላ አንድ ሜትር አፈር ከደገፈው ይበቃል። ቀሪውን ሥራ ፀሐይ መሥራት አለባት።

በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች፤ ቢሆንም ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትቆም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አልፋ ወደ ቤት ብዙ አትዘልቅም። በጠዋት ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በምሥራቁ መስኮት እስከ ክፍሉ መጨረሻ ትገባለች፤ ያውም ብርዱ በሚብስበት ሰዓት። በመጀመሪያው ንድፌ ምሥራቁ ሙሉ በሙሉ በአፈር የተሸፈነ ነበር። በሁለተኛው ከፍቼ ትልቅ መስኮት አደረግኩበት፤ የእናቴንም አልጋ እዚያ አስጠጋሁ። ወለሉ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ማታ ማታ መስኮቶቹ ላይ የመንዝ ባና እንጋርዳለን፤ መስተዋት ብቻውን ከተተወ በቀን የሰበሰባችሁትን ሁሉ ያወጣዋል። በኅዳር 2011 ቴርሞ ሜትር አስቀምጬ በየጠዋቱ 12 ሰዓት እመዘግብ ነበር። ውጭው 1 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት አሮጌው ቤት 5፣ አዲሱ ቤት 15 ዲግሪ ነበር።

የላይኛው ግድግዳና ምርጉ ከቀዩ አፈር፣ ከአሸዋና ከጤፍ ጭድ የተሠራ ነው። ጭቃውን በየሦስት ቀኑ እየረገጥን ሦስት ሳምንት አብላላነው፤ የተብላላ ጭቃ ሲመረግ ይለጠፋል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ጭዱን በጥር፣ አውድማው ሳይራቆት ግዙ፤ ክረምት ሲቃረብ ከብት ቀላቢ ይሻማችኋል። የፊቱን ግድግዳ ግን ሰው ሁሉ «ሲሚንቶ ካልነካው ዝናብ ይበላዋል» ስላለኝ በሲሚንቶ ለሰንኩት፤ በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ጭቃውን ይዞ በሰፌድ በሰፌዱ ወደቀ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር እኩል አይነቃነቅም፤ በስንጥቁ የገባውንም እርጥበት መልሶ አያስወጣም። አውልቄ፣ በበርሜል ውሃ ውስጥ ሁለት ወር በተዘፈዘፈ ኖራ መረግኩት፤ እስካሁን አለ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንኩት።

ጣሪያውን በአፈር የመክደን ሐሳብም ነበረኝ። 15 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ከ250 ኪሎ በላይ እንደሚጭን ሳሰላ፣ በእጄ ያለውም እርጥብ ባሕር ዛፍ እንደሆነ ሳስብ ተውኩት። ቆርቆሮ አለበስኩትና ከሥሩ በኮርኒሱ ላይ በጭቃ ውሃ የተነከረ የደረቀ ጭድ 20 ሳንቲ ሜትር ሞላሁበት።

አንድ ነገር ግን ከወደቀው ግድግዳ ይልቅ ያስደነግጠኛል። በገባን በሁለተኛው ወር እናቴ ለቡና ያቀጣጠለችውን የከሰል ምድጃ ሙቀቱ እንዳይባክን ብላ ወደ መኝታ ክፍሏ አስገባችው። አሮጌው ቤቷ በየስንጥቁ ነፋስ ስለሚገባው ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር። አዲሱ ቤት ግን በአፈርና በምርግ የታሸገ ነው። ሲመሽ ስገባ ራሷን ይዛ፣ ምላሷ ተሳስሮ አገኘኋት፤ ተሸክሜ ወደ ውጭ አወጣኋት። ዳነች። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በታሸገ ቤት ውስጥ ሰው በእንቅልፉ ይቀራል። በማግሥቱ በየክፍሉ ከታች አንድ፣ ከላይ በተቃራኒው ግድግዳ አንድ የማይዘጋ የአየር መተላለፊያ በሳን፤ ለማዕድ ቤቱም ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ ጭስ ማውጫ አቆምን። በአፈር የተደገፈ ቤት የምትሠሩ ሁሉ መተላለፊያውን ግድግዳው ሲገነባ አብራችሁ አስገቡ፤ ከሰልም ለደቂቃ እንኳ ወደ መኝታ አታስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ክረምት አልፏል። ያላሰብኩት ጠላት ፍልፈል ሆነ። የላላ አፈር ይወዳል፤ ከግድግዳው ጀርባ ካለው ክምር ላይ ጉድጓዱን ይቆፍርና የዝናቡን ውሃ በቱቦ እንደተቀበለ ያህል ወደ ግንቡ ያመጣዋል። በ2013 ክረምት ከሰሜን ጥግ የገባው እርጥበት መነሻው እርሱ ነበር። አሁን ከጂኦሜምብሬኑ በላይ ጥልቅ አድርጌ የሽቦ ወንፊት ዘርግቻለሁ፤ የቱቦዎቹንም አፍ በሽቦ ሸፍኛለሁ።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ የምመልሰው ይህንን ነው፦ አፈሩ ነጻ ነው፤ ከወጪዬ ግማሽ በላይ የሄደው ግን ለድንጋዩ፣ ለጠጠሩ፣ ለቱቦውና ለቁፋሮው ነው። እርካሽ ይሆናል ብላችሁ ከጀመራችሁ የምታጎድሉት እነዚህኑ ይሆናል። ከቻላችሁ ሙሉ ቤት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የበግ በረት ወይም የእንጨት ማስቀመጫ በዚሁ አሠራር ሠርታችሁ አንድ ክረምት አሳልፉት።

በየዓመቱ ከሰኔ ሚካኤል በፊት የላይኛውን ቦይ እጠርጋለሁ፤ አሸንዳውን አጸዳለሁ፤ በሁለቱ ቱቦዎች ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ከላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲያፈስስ አደርግና ውሃው ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚደርስ እለካለሁ። በሰሜን ጥግ ያለችው መዳፍ የምታህል እርጥበት በነሐሴ አሁንም ትታያለች። ዙሪያዋን በእርሳስ ከብቤ ቀኑን ጽፌባታለሁ፤ ከ2015 ወዲህ ከመስመሩ አልወጣችም። ዘንድሮም እናቴ በምሥራቁ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ እንዝርቷን እያሾረች «አየሻት?» ስትለኝ ባትሪዬን አምጥቼ አየኋት።